የማህፀን በር ካንሰር ሲገኝ የትኛውን የምስል ምርመራ እንምረጥ? ዲፊውዥን ኤም አር አይ ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር

ሐኪሙ በሰጠው ወረቀት ላይ የተጻፈው «ፔልቪክ ኤም አር አይ»፣ ማለትም የዳሌ ኤም አር አይ፣ ብቻ ነው። ልጅ እናቷን ወንበር ላይ አስቀምጣ የምርመራ ማዕከሉ መስኮት ጋ ስትደርስ ጥያቄው ይበዛባታል። በመርፌ ነው ያለ መርፌ? ሲቲ ስካን ቢሆን ይቀንሳል፣ እሱን ላድርግላችሁ? ውጭ አገር ያለችው እህቷ ደግሞ በስልክ «ፔት ስካን ሳታነሳ ምንም ሕክምና እንዳትጀምር» ትላታለች። ሐኪሙ በዚህ ሰዓት ሌላ ታካሚ እያየ ነው፤ ደውሎ መጠየቅ አይቻልም።

ይህን የምጽፈው ለዚያች ልጅ ነው፤ ኤም አር አይ ማዘዝ ለጀመሩ ወጣት ሐኪሞችም ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ ኤም አር አይ ለማንሳት ከወሰናችሁ ዲፊውዥን የሚባለው ክፍል ሳይነሳ ታካሚዋ ከማሽኑ አትውረድ። መርፌ አይፈልግም፣ ጨረር የለውም፣ የሚጨምረው ጥቂት ደቂቃ ነው፣ የሚሰጠው መረጃ ግን ከባድ ነው።

አስቀድሞ መለየት ያለበት ነገር

ከዚህ በታች ከማነጻጽራቸው ምርመራዎች አንዱም ባዮፕሲን አይተካም። ካንሰር መሆኑን የሚያረጋግጠው ከማህፀን በር የተወሰደው ናሙና በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው። ምንም ምልክት የሌላት ሴትም «ለጥንቃቄ» ብላ ኤም አር አይ መነሳት የለባትም። ለእሷ የሚሆነው የቅድመ ካንሰር ምርመራ ነው፤ ይኸውም የማህፀን በር ካንሰር አምጪው ቫይረስ የኤች ፒ ቪ ምርመራ ወይም በአሴቲክ አሲድ የሚደረገው ቪያ ነው። በአገራችን ይህ ምርመራ በዋናነት የሚሰጠው ከ30 እስከ 49 ዓመት ለሆኑ ሴቶች ሲሆን፣ ጤና ጣቢያ ላይም ይገኛል። ቅድመ ካንሰር የሆነ ለውጥና በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚታይ ጅምር ካንሰር በየትኛውም ኤም አር አይ ላይ አይታይም። እንዲህ ያለችው ሴት ኤም አር አይ ተነስታ «ንጹህ ነው» ብትባል የተሰጣት ማረጋገጫ ሐሰት ነው።

የምስል ምርመራ ሥራ ባዮፕሲው ካንሰር ነው ካለ በኋላ ይጀምራል። እጢው ምን ያህል ነው? ከማህፀን በር ወጥቷል ወይስ አልወጣም? ሊምፍ ኖዶች፣ ሕዝቡ ንፍፊት የሚላቸው፣ ተነክተዋል? ዓለም አቀፉ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ፌዴሬሽን፣ ፊጎ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የደረጃ አወጣጡን ሲያሻሽል የምስልና የፓቶሎጂ ውጤት ደረጃውን እንዲወስን ፈቅዷል። ከዚያ በፊት ደረጃው በዋናነት የሚወጣው በሐኪሙ የእጅ ምርመራ ነበር። አሁን ማህፀን በሩ ላይ የተወሰነ እጢ ከ2 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ 1ቢ1፣ ከ2 እስከ 4 ከሆነ 1ቢ2፣ 4 ከሞላ ወይም ካለፈ 1ቢ3 ይባላል። ግራና ቀኝ ወዳለው ልል ሥጋ፣ ፓራሜትሪየም ወደሚባለው፣ ከዘለቀ 2ቢ ነው። ሊምፍ ኖድ ከተነካ 3ሲ ነው።

እነዚህ ቁጥሮች ሕይወት ይወስናሉ። ትንሹ እጢ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ፓራሜትሪየም የዘለቀው በጨረርና በኬሞ ይታከማል። እጢው ሳይወጣ ወጥቷል ከተባለ ልትድንበት የምትችለው ቀዶ ሕክምና ያልፋታል። ወጥቶ ሳለ አልወጣም ከተባለ ደግሞ ቀዶ ሕክምናም ጨረርም ታገኛለች፤ የሁለቱንም ጉዳት በአንድ ሰውነት ትሸከማለች።

በምን እንመዝናቸው?

ከዋጋ በፊት የሚመጡ ጥያቄዎች አሉ። ምርመራው እጢውን ከጤነኛው የማህፀን በር ሥጋ ምን ያህል ይለያል? ወደ ጎን መዝለቁን ያሳያል? ሊምፍ ኖድ፣ ጉበትና ሳንባ ይደርሳል? ጨረር ወይም ምስሉን የሚያደምቀውን የኮንትራስት መርፌ ይፈልጋል? የመጨረሻው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነው፦ ውጤቱ በማሽኑ ጥራትና በአንባቢው ችሎታ ላይ ምን ያህል ይንጠለጠላል? ዋጋና የመንገድ ርቀት የሚመዘኑት ከእነዚህ በኋላ ነው።

ዲፊውዥን ኤም አር አይ

በሰውነታችን ያለው ውሃ አይቀመጥም፤ ሞለኪውሎቹ ሁልጊዜ ይዋልላሉ። ጤነኛ የማህፀን በር ውስጥ በሴሎች መካከል ሰፊ ቦታ ስላለ ውሃው እንደልቡ ይሄዳል። ካንሰር ባለበት ግን ሴሎቹ ተባዝተው ተጨናንቀዋል። የበዓል ዋዜማ መርካቶ ገብቶ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ አንድ እርምጃ ለመራመድ ሦስት ሰው መግፋት ነው። ዲፊውዥን ይህን መጨናነቅ ይለካል። ዘዴውን ለሰው ሰውነት ምስል ያበቃው ፈረንሳዊው ዴኒ ለ ቢያን ሲሆን፣ ጊዜው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ነበር። መጀመሪያ ስሙን ያገነነው የአንጎል ስትሮክን ፈጥኖ በማሳየቱ ነው፤ ወደ ማህፀን በር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ስክሪን ላይ እንዴት እንደሚታይ ላሳያችሁ። ሦስት ምስሎች ጎን ለጎን ናቸው። የመጀመሪያው ቲ2 የሚባለው መደበኛ ምስል ነው። ማህፀን በሩ በአግድም ተቆርጦ ሲታይ መሃሉ ነጭ ነው፣ እሱም የቦዩ ሽፋንና ንፍጥ ነው። ዙሪያውን ስትሮማ የሚባለው ጠንካራ ሥጋ እንደ ጥቁር ቀለበት ከቦታል። እጢው ግራጫ ሆኖ ቀለበቱን ይበላዋል። ጥቁሩ ቀለበት ዙሪያውን ሳይቆረጥ ከታየ እጢው ወደ ፓራሜትሪየም አልወጣም ማለት ይቻላል፤ ይህ ራዲዮሎጂስቶች በጣም የሚተማመኑበት ምልክት ነው።

ሁለተኛው የዲፊውዥን ምስል ነው። እዚህ ላይ ጤነኛው ሁሉ ይጨልምና እጢው ብቻ አመድ ውስጥ እንደቀረ ፍም ቦግ ብሎ ይታያል። ሦስተኛው የኤዲሲ ካርታ፣ ማለትም ውሃው ምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ ተሰልቶ የተሳለበት ምስል ነው። እዚህ ያው ቦታ ተገልብጦ መጥቆር አለበት። በሁለተኛው ደምቆ በሦስተኛው ከጠቆረ ውሃው በእርግጥ ታግዷል። በሁለቱም ከደመቀ ግን ፈሳሽ የበዛበት ሥጋ ወይም ውሃ የቋጠረ ከረጢት የሰጠው የውሸት ብርሃን ነው። የዲፊውዥኑን ምስል ብቻ አይቶ «ያበራል፣ ስለዚህ ካንሰር ነው» ያለ አንባቢ ተሳስቷል።

ኤዲሲ ቁጥርም አለው። ነጻ ውሃ በሰውነት ሙቀት ወደ 3 ገደማ ነው፤ መለኪያው ሺኛ ካሬ ሚሊ ሜትር በሰከንድ ነው። ጤነኛ የማህፀን በር በአብዛኛው ከ1.5 እስከ 2 አካባቢ ይሆናል። የማህፀን በር ካንሰር ብዙውን ጊዜ ከ0.8 እስከ 1.1 አካባቢ ይወርዳል። አንዳንድ ማሽን ያንኑ ቁጥር በሺህ አባዝቶ ያሳየዋል፤ ሪፖርት ላይ 900 የሚል ካያችሁ 0.9 ማለት ነውና አትደንግጡ።

ልዩነቱ ሰፊ ስለሆነ ብዙ ሰው «እንግዲያው አንድ ወሰን አስቀምጠን ከዚያ በታች ያለውን ሁሉ ካንሰር እንበል» ይላል። በዚህ አልስማማም። ቁጥሩ በማሽኑ፣ በተመረጠው ቢ ቫልዩ እና መለኪያው ክብ በተቀመጠበት ቦታ ይለዋወጣል። ቢ ቫልዩ ማሽኑ የውሃውን እንቅስቃሴ ምን ያህል አጥብቆ እንደሚፈትን የሚናገር ቁጥር ነው። ለማህፀን በር ከፍተኛው 800 ወይም 1000 ቢሆን ይመረጣል፤ ከዚያ ዝቅ ካለ እጢው ከጤነኛው ሥጋ ጥርት ብሎ አይለይም። ጤነኛውም ሥጋ ቢሆን በዕድሜና በወር አበባ ዑደት ይለዋወጣል። ንፍጥ የሚያመነጭ አዴኖካርሲኖማ የሚባለው የካንሰር ዓይነት በብዛት ከሚገኘው ከስኩዌመስ ካንሰር ከፍ ያለ ኤዲሲ ሊኖረው ስለሚችል ጤነኛ መስሎ ያመልጣል። በተቃራኒው ማዮማ የሚባለው የማህፀን ሥጋ እብጠት ካንሰር ሳይሆን ኤዲሲው ዝቅ ሊል ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩ የሚነበበው ከቲ2 ምስሉ፣ ከባዮፕሲውና ከሐኪሙ የእጅ ምርመራ ጋር ነው።

ዲፊውዥን በእርግጥ የሚጠቅመው የት ነው? ቲ2 ላይ ከጤነኛው ሥጋ ጋር ተመሳስሎ የተደበቀን ትንሽ እጢ ያወጣል፤ በተለይ ማህፀን በራቸው ገና ለስላሳ በሆነ ወጣት ሴቶች ላይ። የእጢውን ጫፍ ያሳያል። በጨረርና በኬሞ ወቅት ደግሞ ሴሎቹ መሞት ሲጀምሩ ኤዲሲው ከፍ ይላል፤ ይህም እጢው በመጠን ከማነሱ በፊት ሊታይ ይችላል። ሊምፍ ኖድ ላይ ግን ብዙ አትጠብቁበት። ጤነኛ ኖድም በዲፊውዥን ያበራል። የት የት እንዳሉ ለመፈለግ ይረዳል እንጂ ካንሰር ያለበትን ከሌለበት ብቻውን አይለይም።

ጠላቱ ጋዝ ነው። ፊንጢጣ ውስጥ አየር ካለ ምስሉ ይጣመማል፤ ማህፀን በሩ ደግሞ የፊንጢጣ ጎረቤት ነው። ማሽኑም ወሳኝ ነው፦ የማግኔቱ ጉልበት 1.5 ወይም 3 ቴስላ መሆን አለበት። 0.2 ወይም 0.35 ቴስላ የሆነው ክፍት ማሽን ለጠባብ ቦታ ፍርሃት ላለባት ሴት ያጓጓል፤ ጉልበቱ ግን ለዲፊውዥን አይበቃም።

ኤም አር አይ ከጋዶሊንየም መርፌ ጋር

ጋዶሊንየም የኤም አር አይ ኮንትራስት ነው። ኮንትራስት ያለው ሁሉ የተሻለ ነው የሚል እምነት በሕዝቡም በአንዳንድ ሐኪሞችም ዘንድ አለ። ለማህፀን በር ካንሰር ግን ቲ2 እና ዲፊውዥን በጥሩ ሁኔታ ከተነሱ መርፌው የሚጨምረው በብዙ ታካሚዎች ላይ ትንሽ ነው። እጢው ፊኛን ወይም ፊንጢጣን ወግቷል የሚል ጥርጣሬ ሲኖር፣ ወይም ከፊንጢጣ ወይም ከፊኛ ጋር ቀዳዳ ተከፍቶ እንደሆነ ለማየት ሲፈለግ ይጠቅማል። የኩላሊት ሥራ በጣም የወረደባት ወይም እርጉዝ ሴት ላይ ግን ሐኪሙ ሁለቴ ማሰብ አለበት።

የኩላሊቱን ነገር አልፌው አልሄድም። ዘግይተው የሚመጡ ታካሚዎች ላይ እጢው ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርደውን ቱቦ ይጫነዋል፤ ኩላሊቱ ያብጣል፣ ኩላሊት ማጣራት ሲያቅተው በደም ውስጥ የሚከማቸው ክሪያቲኒን ከፍ ይላል። በአገራችን ዘግይቶ መምጣት ብዙ ነውና ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ለእንዲህ ያለችው ሴት ያለ መርፌ የሚነሳው ዲፊውዥን ትልቅ መውጫ ነው።

ሲቲ ስካን

ፈጣን ነው፣ በብዙ ከተማ ይገኛል፣ ከኤም አር አይ ይረክሳል። ማህፀን በሩ ላይ ግን ደካማ ነው፤ እጢውና ጤነኛው ሥጋ በሲቲ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ግራጫ ይሆናሉ። «ሲቲው ላይ እጢ አልታየም» ማለት እጢ የለም ማለት አይደለም። የሲቲ ቦታው ሌላ ነው፦ ሳንባ፣ ጉበት፣ ያበጠ ኩላሊት፣ በሆድ ትልቁ የደም ሥር አጠገብ ያደጉ ሊምፍ ኖዶች። ኖድ በአጭሩ አቅጣጫ ሲለካ ከ10 ሚሊ ሜትር ሲያልፍ ይጠረጠራል፤ በውስጡ ካንሰር ይዞ ያላደገ ኖድ ግን ያልፈዋል።

ፔት ሲቲ

ፔት ስካን የሚባለውም ይኸው ነው። ካንሰር ስኳር በላተኛ መሆኑን ተጠቅሞ መላ ሰውነትን ይፈትሻል። ሊምፍ ኖድና ሩቅ ስርጭት ላይ ከሁሉም ይበልጣል። ስለዚህ ውጭ አገር ያለችው እህት ያለችው ከንቱ አይደለም፤ ሕክምናዋን ህንድ፣ ታይላንድ ወይም ቱርክ ሄዳ የምትከታተል ሴት ደረጃዋ ከፍ ያለ ከሆነ መጠየቅ ይገባታል። ሆኖም ፓራሜትሪየምን በማየት ኤም አር አይን አይተካም፤ በጣም ውድም ነው። እጢዋ ትንሽ የሆነች ሴት ለፔት ብላ ሕክምናዋን ማዘግየት የለባትም።

አልትራሳውንድ

ይህን ብዙ ሰው ይንቀዋል። በብልት ወይም በፊንጢጣ በኩል በሚገባ መሣሪያ፣ በዚህ ሥራ በሠለጠነ እጅ ከተሠራ፣ የእጢውን መጠንና ወደ ጎን መዝለቁን ከኤም አር አይ ጋር በሚቀራረብ ደረጃ ያሳያል፤ የአውሮፓ የካንሰር ሐኪሞች መመሪያም በዚህ ቅድመ ሁኔታ ይቀበለዋል። ቁልፉ «በሠለጠነ እጅ» የሚለው ነው። በሆድ ላይ የሚደረገው መደበኛ አልትራሳውንድ ለዚህ አይበቃም፤ ኩላሊት ማበጡን ለማወቅ ግን እሱም በቂ ነው።

ባጭሩ በሰንጠረዥ

| ምርመራ | እጢን ከጤነኛ መለየት | ፓራሜትሪየም | ሊምፍ ኖድና ሩቅ ቦታ | ጨረር | መርፌ | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ኤም አር አይ ቲ2 ብቻ | ጥሩ፣ ትንሹ ሊያመልጥ ይችላል | በጣም ጥሩ | መካከለኛ | የለም | የለም | ከፍ ያለ |
| ቲ2 እና ዲፊውዥን | በጣም ጥሩ | በጣም ጥሩ | ኖድ ለማግኘት ይረዳል | የለም | የለም | ከላይኛው ብዙ አይርቅም |
| በጋዶሊንየም | በጣም ጥሩ | በጣም ጥሩ | መካከለኛ | የለም | አለ | የመርፌው ይጨመራል |
| ሲቲ ስካን | ደካማ | ደካማ | ያደገ ኖድ፣ ሳንባና ጉበት ላይ ጥሩ | አለ | አብዛኛውን ጊዜ አለ | መካከለኛ |
| ፔት ሲቲ | ጥሩ፣ ዝርዝሩ ግን ደብዛዛ | ደካማ | ከሁሉ የተሻለ | አለ | አለ | ከሁሉ ከፍ ያለ |
| በብልት የሚገባ አልትራሳውንድ | በሠለጠነ እጅ ጥሩ | በሠለጠነ እጅ ጥሩ | ውስን | የለም | የለም | ዝቅተኛ |

ለማን የትኛው?

እጢዋ ትንሽ ሆኖ ቀዶ ሕክምና የታሰበላት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ገና መውለድ የምትፈልግ ወጣት ሴት ለዲፊውዥን ኤም አር አይ ገንዘቧን ብታወጣ አይቆጨኝም። ማህፀኗን አስቀርቶ ማህፀን በሩን ብቻ ለማውጣት ሐኪሙ ሁለት ነገር ማወቅ አለበት፦ እጢው በትክክል ስንት ሚሊ ሜትር ነው፣ ወደ ማህፀን ከሚያስገባው የውስጥ በር ምን ያህል ይርቃል። ይህን ልክ ሲቲ አይሰጠውም።

እርጉዝ ከሆነች ቲ2 እና ዲፊውዥን ያለ ጋዶሊንየም ይበቃል። ኩላሊቷ የተጎዳ ሴትም ያው ነው።

ሐኪሙ በእጁ መርምሮ ካንሰሩ ከማህፀን በር መውጣቱን ካረጋገጠና ያለው ገንዘብ ለአንድ ምርመራ ብቻ ከሆነ፣ የደረት፣ የሆድና የዳሌ ሲቲ የተሻለ ምርጫ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ የጨረር ሐኪሙን የሚያሳስበው ኖዱ እስከ የት እንደወጣ ነው፤ የጨረሩ ሜዳ በዚያ ይወሰናልና። ጥቁር አንበሳ ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና ቦታ ሆኖ መቆየቱን ሁላችንም እናውቃለን፤ ወረፋው ቀላል አይደለም። ምርመራ ስትመርጡ ወረፋውን አስይዛችሁ ምረጡ፤ የተሻለ ምስል ፍለጋ ተራዋ እንዳያልፍ።

ሕክምና ጨርሳ ለምትከታተል ሴት ዲፊውዥኑ ጠባሳን ካልሞተ እጢ ለመለየት ያግዛል። ጨረር እንዳለቀ ግን ወዲያው አይነሳ፤ ሥጋው አብጦ ያሳስታል፣ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ወር ያህል ይጠበቃል። የሚቻል ከሆነ የመጀመሪያው በተነሳበት ማሽን ይነሳ፤ ያለበለዚያ የኤዲሲውን ቁጥር ከቀድሞው ጋር ማወዳደር አስቸጋሪ ነው።

ማሽኑ ሩቅ፣ ገንዘቡም አጭር ከሆነ፣ ልምድ ያለው የማህፀን ሐኪም የእጅ ምርመራ፣ በብልት የሚገባ አልትራሳውንድና የኩላሊት አልትራሳውንድ ተደምረው ሕክምና ለመጀመር ብዙ መንገድ ይወስዳሉ። በዚህ የሚያፍር ቤተሰብ አይኑር።

ከመነሳቷ በፊት

ባዮፕሲ ከተወሰደ ቢያንስ ከ7 እስከ 10 ቀን ይቆይ፤ ደምና ብግነት እጢ መስለው ይታያሉ። ከምርመራው በፊት ከ4 እስከ 6 ሰዓት ምግብ አትብላ፣ የአንጀት እንቅስቃሴን ለመቀነስ ነው። ሰገራ ትውጣ፣ ለጋዙ። ፊኛዋ በጣም አይሙላ፣ ጨርሶም ባዶ አይሁን። ማዕከሉ አንጀትን የሚያረጋጋውን ቡስኮፓን የሚሰጥ ከሆነ ምስሉ ይጠራል። ሉፕ ካላት፣ የልብ መቆጣጠሪያ ወይም ሌላ ብረት በሰውነቷ ካለ አስቀድማ ትናገር። ሁሉም ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ የማሽኑ ጩኸት ያስደነግጣልና ለእናቶች ቀድሞ መንገር ደግ ነው።

ስትወጡ የታተመውን ፊልም ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። ፊልም ላይ ኤዲሲ መለካት አይቻልም። ሲዲውን ጠይቁ፤ የኤዲሲ ካርታው መኖሩንም እዚያው አረጋግጡ፤ ሌላ ሐኪም፣ ውጭ አገር ያለም ቢሆን፣ እንደገና ሊያነበው የሚችለው በእሱ ነው።

ወረቀቱ ላይ «ፔልቪክ ኤም አር አይ» ብቻ ከተጻፈ ደግሞ ወደ ሐኪሙ መልሳችሁ ይህን ያህል እንዲሞላ ለምኑት፦ «በባዮፕሲ የተረጋገጠ የማህፀን በር ካንሰር፤ ባዮፕሲ የተወሰደበት ቀን፤ ክሪያቲኒን። ቲ2 ከጎን፣ ከፊት እና ለማህፀን በሩ ቀጥ ብሎ በአግድም፤ ዲፊውዥን ቢ 0 እና 800 ወይም 1000 በዚያው አግድም፣ ከኤዲሲ ካርታ ጋር። ጥያቄ፦ የእጢው መጠን፣ ከውስጥ በር ያለው ርቀት፣ ፓራሜትሪየም፣ ፊኛና ፊንጢጣ፣ ሊምፍ ኖድ፣ ኩላሊት።»